ጋሽ በረኪና እና ዝንጉርጉሯ

ልብሱን እድፍ የነካው ሰው የሚያደርገው ነገር ይታወቃል። መጀመሪያ "ወይኔ!" ይላል። ቀጥሎ ሎሚም ይሁን ጨው፣ እጁ የገባውን ሁሉ ያፈስበታል። ነገሩ ሲብስበት ደግሞ ልብሱን በፌስታል ጠቅልሎ ወደ ጋሽ በረኪና ላውንደሪ ይሮጣል።

ጋሽ በረኪና የሚለውን ስም ያወጣችለት እናቱ አይደለችም። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬና ታላቅ እህቱ። ቆጣሪ አንባቢው ስሙን ይጽፈዋል እንጂ አይጠራውም። እህቱም አይጠሩትም። ፀጉሩ ገብስማ የሆነው ይህ ሰውዬ እሳቸው ዘንድ ዛሬም "ማሙሽ" ነው፤ ያውም ደንበኛ ፊት።

ላውንደሪው ጠባብና ረጅም ነው። ከፊት ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ጀርባ በላስቲክ ተሸፍነው የተሰቀሉ ኮቶችና ቀሚሶች፣ ከዚያ ወዲያ ልብስ በካውያ የምትተኩሰው የተኳሿ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ደግሞ ሲጨምቅ እየተንፏቀቀ ሄዶ ግድግዳውን የሚገጭ አንድ አሮጌ ማጠቢያ ማሽን። መጨረሻ ላይ የብረት በር አለ። በሩ የሚከፈተው ወደ ጓሮ ነው። ጓሮው ደግሞ ከጎን ባለው ፎቅ ጥላ ሥር ስለሚውል ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ አያየውም። መሬቱ እርጥብ ነው፣ ግድግዳው ሽበት አብቅሏል። ለልብስ አጣቢ እንዲህ ያለ ጓሮ ማለት ጥርስ ለሌለው ሰው ቆሎ ማለት ነው። ስለዚህ ጋሽ በረኪና ልብስ የሚያሰጣው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሲሆን፣ ጓሮው የተሰበረ ባልዲ መጣያ ሆኖ ኖሯል።

ሰውዬው በሙያው ቀልድ አያውቅም። ለማንኛውም እድፍ ሦስት ጥያቄዎች አሉት፦ ምን ነካው? መቼ ነካው? ምን አደረጉበት? ጥያቄዎቹ ተራ ይመስላሉ፣ ግን አንዳቸውም ያለ ምክንያት አልመጡም። ዘይትና ሻይ በአንድ መንገድ አይለቁም። የትናንት ቀለምና የአምና ቀለምም አንድ አይደሉም። ቀይ ወይን የፈሰሰበትን ሸሚዝ ደግሞ ቸኩሎ ሳሙና የሚያስነካው ሰው ጉዱን ያያል፤ ቀዩ ዓይኑ እያየ ወደ ሰማያዊ ይዞራል። ጋሽ በረኪና ይህን ለደንበኞች ማሳየት ይወዳል። ሳሙና ጠብ ያደርግና ሰማያዊ ያደርገዋል፣ ኮምጣጤ ጠብ ያደርግና ወደ ቀይ ይመልሰዋል። ደንበኛው አፉን ከፍቶ ሲቀር፣ እሱ ሽቅብ እያየ እንደ አስማተኛ ጣቶቹን ያራግፋል።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ሰው እውነቱን ይናገራል። ለሦስተኛው ግን ሁሉም ይዋሻል።

"ምን አደረጉበት?"

"ምንም! እንደነካው ነው ያመጣሁት።"

ጋሽ በረኪና ሸሚዙን ወደ አፍንጫው ያስጠጋል። "ታዲያ ይሄ ሸሚዝ ጥርሱን ፍቆ ነው የመጣው? የጥርስ ሳሙና ይሸታል እኮ!"

ሰው ለምን እንደሚዋሽ ግን ገብቶት አያውቅም ነበር። "እውነቱን ቢነግሩኝ ምን አለበት?" ይላታል ተኳሿን። ተኳሿ ካውያዋን ሳታነሳ፣ "ያፍራሉ ጋሼ፣" ትለዋለች። "ቀን ይጥልዎትና ያዩታል።"

ያ ቀን የመጣው በአንድ የአበባ ዕቃ ተጭኖ ነው።

እህቱ እናታቸው ከሞተች በኋላ አዝለው ያሳደጉት ናቸው። ባለቤታቸው የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፣ ዓምና አረፈ። ቤታቸው ለሁለት ሰው ሰፊ ነበር፣ ለአንድ ሰው ሲሆን ጊዜ ደግሞ ገደል ሆነባቸውና ለቀቁት። አሁን ሁለት ሰዎች ይሻሟቸዋል። ልጃቸው ሌላ ከተማ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ይኖራል፤ "እማዬ እኔ ጋ ቅሪ" ይላል። ጋሽ በረኪና ከላውንደሪው አጠገብ ያለችውን ትርፍ ክፍል ቀለም ቀብቶ፣ አልጋ ዘርግቶ፣ መጋረጃ ሰቅሎ ይጠብቃል። ሚስት አላገባም። ማሽኑ ቆሞ ተኳሿ ወደ ቤቷ ስትሄድ ቤቱን የሚሞላውን ጸጥታ ማንም አይወቅበት እንጂ አይችለውም።

ብርዱ ሊገባ ሲል እህቱ አንድ ዕቃ በፌስታል አቅፈው መጡ።

"ማሙሽ፣ ብርዱን ልጄ ጋ ላሳልፈው ነው።"

"እትዬ፣ ክፍሉን እኮ ቀለም ቀባሁልሽ!"

"አውቃለሁ፣ ጀርባዬ ላይ አለ፤ ተደግፌው ነበር።" ዕቃውን ባንኮኒው ላይ አኖሩት። "ይህቺን ያዝልኝ። ሟቹ የተከላት ናት። ልጄ ቤት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይጠብሳል፣ እዚያ አትኖርልኝም። እዚህ ከኖረች፣ በጸደይ ሰማያዊ አበባዋን ልታሳየኝ ስትዘጋጅ ዕቃዬን ይዤ እመጣለሁ። ከሞተች ግን ልጄ ጋ እቀራለሁ።"

"በአንዲት ቅጠል እንዲህ ይወሰናል?"

"አንዲት ቅጠል ማኖር ያቃተው ሰው አንዲት አሮጊት ያኖራል ብዬ አላምንም።"

ጋሽ በረኪና ዕቃውን ወደ ራሱ ሳበ። "ምን ላድርግላት?"

"ጥላ ስጣት። አፈሯ አይድረቅ፣ ውሃም አይተኛባት። ከዚያ በተረፈ አትነካካት።"

"እሺ።"

"አትነካካት ነው ያልኩህ።"

"እሺ አልኩ እኮ እትዬ!"

"አፍህን ሳይሆን እጅህን ነው የማየው።"

እጁ ቅጠሏን በአውራ ጣቱ እየፈተገ ነበር።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ዕቃውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው። ቅጠሎቿ ሰፋ ያሉ፣ በስሱ ጸጉር ያላቸው፣ ጥቁር አረንጓዴ ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ተረጭተዋል፤ ትልቅም ትንሽም፣ አንዳንዶቹ ተያይዘው። ሌላ ሰው ቢሆን "እንዴት ታምራለች" ይል ነበር። ጋሽ በረኪና ግን ዕድሜውን ሙሉ የፈራውን ነገር አየ። ባለቀለም ጨርቅ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ማለት በሙያው ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው።

"በረኪና ረጨሽባት!" ብሎ ጮኸ።

ተኳሿ ዘወር አለች። "ማን? እኔ?"

"ታዲያ እኔ ነኝ? ገና እግራቸው ሳይወጣ!"

"ጋሼ፣ ስትመጣም እንዲህ ነበረች። ደግሞ በረኪና የሚነካው እርስዎ ነዎት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አሉ።"

አልሰማትም። በረኪና የነካው ነገር ቶሎ መለቅለቅ አለበት፣ ጥያቄ የለውም። ሳፋ አመጣ። ዝንጉርጉሯን በጎኗ አስተኝቶ ቅጠል በቅጠል፣ ፊትና ጀርባ፣ በለስላሳ ጨርቅ አለቀለቃት። ነጠብጣቦቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ከዚያም ምን አደረገ? ዕድሜውን ሙሉ የታጠበን ነገር ሁሉ ያደረገውን። ጣሪያ ላይ አውጥቶ ፀሐይ ላይ አሰጣት።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ቅጠሎቿ ሁሉ በዕቃው ጠርዝ ላይ ተዘርግተው እንደ እርጥብ ካልሲ ተንጠልጥለዋል። ጋሽ በረኪና ከጎኗ ተንበረከከ። በአንድ ቀን ውስጥ እህቱንም አበባዋንም ማጣቱ ነው። ተኳሿ ግን ሳትጠየቅ ወጥታ ዕቃውን አንስታ፣ ደረጃውን ወርዳ፣ የብረቱን በር በእግሯ ገፍታ ጓሮው ውስጥ ከተሰበሩት ባልዲዎች መሃል አስቀመጠቻት።

"እትዬ ምን ነበር ያሉት? ጥላ ነው ያሉት ወይስ ጣሪያ?"

ማምሻውን ቅጠሎቿ አንድ በአንድ ቀና አሉ። ጋሽ በረኪና ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ ሲያያት አመሸ። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማየት ያለብን ነገር አለ፣ ምክንያቱም በጣም ደስ የሚል ነው። ጥላ ወዳድ ተክል ቅጠሉን ሰፊ የሚያደርገው ጥቂቷን ብርሃን ለመሰብሰብ ነው፤ በትንሽ ዝናብ ብዙ ውሃ ልያዝ የሚል ሰው ሰፊ ሳፋ እንደሚያወጣ ማለት ነው። ሰፊ ስስ ቅጠል ደግሞ ፀሐይ ላይ ሲወጣ፣ ሥሩ ከሚስበው በላይ ውሃ ያጣል። ያን ጊዜ ይዝለፈለፋል። ጥላው ሲመለስለት ሥሩ ይደርስበትና ቀና ይላል። ነጠብጣቧስ? እሱ ደግሞ ይብሳል! የሳሙና አረፋን አስቡ። ውሃ ነጭ አይደለም፣ በውሃ የሟሟ ሳሙናም እንደ ወተት የነጣ አይደለም፤ አረፋው ግን ነጭ ነው። ያነጣው በውስጡ የታሰረው አየር ነው። በዚህች ተክል ቅጠል ላይም የላይኛዋ ስስ ቆዳ ከሥሯ ካለው አረንጓዴ አካል አለፍ አለፍ ብላ ትላቀቅና አየር ይገባባታል። ያ አየር ነው ነጭ ሆኖ የሚታየን። ጋሽ በረኪና በጨርቅ ሲፈትግ የዋለው እድፍ፣ ከቅጠል ቆዳ ሥር የተቀመጠ አየር ነበር። አየርን ደግሞ ማንም አጣቢ አስለቅቆት አያውቅም።

በማግስቱ ባልዲዎቹ ተጣሉ። ጓሮው ተጠረገ። ዝንጉርጉሯ ከዕቃዋ ወጥታ ከግድግዳው ሥር፣ የማሽኑ የሳሙና ውሃ ከማይደርስበት ጥግ ተተከለች። ለሰው ልብስ የማይሆነው ጓሮ ለእሷ ቤተ መንግሥት ሆነ። ጋሽ በረኪና አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር፣ "ሸሚዝዎ ይቆይ፣ መጀመሪያ ይምጡ አንድ ነገር ላሳይዎት፣" እያለ በላስቲክ በተሸፈኑት ኮቶች መሃል አሳልፎ ወደ ጓሮ ይወስደው ጀመር።

ብርዱ ሲጠና ግን ቅጠሎቿ ጠቆሩ፣ ተጨማደዱ፣ መሬት ላይ ተለጠፉ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሰውዬው ይደነግጣል።

"ማሙሽ፣ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት እትዬ! በጣም ደህና!"

"ቅጠሏስ?"

"ለምለም! ብታያት! እንደ ጎመን ነው የተንዠረገገችው!"

እህቱ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሯቸው አዞሩ።

"በዚህ ብርድ?"

"በዚህ ብርድ!"

"ጎሽ፣" አሉ እህቱ። እንዲህ ያለችው ተክል በከባድ ብርድ ቅጠሏን ጥላ ሥሯ ውስጥ እንደምትተኛ ያውቁ ነበር። ግን አልነገሩትም። ወንድማቸው ሲዋሽ ድምፁ እንደሚቀጥን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቁታልና፣ ሲቀጥን መስማት ናፍቋቸው ነበር።

ቅጠል የለም ብሎ አፈሩን ለመቆፈር ያልተነሳበት ሳምንት አልነበረም። ተኳሿ ናት በሩ ላይ እየቆመች የምትመልሰው። "አትነካካት ብለዋል!"

ብርዱ ሲለቅ፣ ከደረቁት ቅጠሎች መሃል እንደ ቡጢ የተጨበጠ አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። ቀጥሎ ጸጉራም ግንዶች፣ ጫፋቸው ላይ የታጠፉ እምቡጦች። ጋሽ በረኪና ባዶ እግሩን ጓሮ ውስጥ ዘለለ። ለእህቱ ደወለ፤ "እምቡጥ! እትዬ፣ እምቡጥ!" እሳቸውም ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደሚመጡ ነገሩት።

በማግስቱ እምቡጦቹ ፈኩ።

ሮዝ ነበሩ።

ጋሽ በረኪና መነጽሩን ጠረገ። አሁንም ሮዝ ናቸው። እህቱ ያሉት ሰማያዊ ነው። እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። "ቀለሟን ለቀቀች! ያኔ ሳለቀልቃት ነው የለቀቀችው! ሰማያዊው በሳፋው ውሃ ሄዷል!"

"ጋሼ፣ አበባዋ እኮ ያኔ አልነበረም፣" አለች ተኳሿ።

"ከውስጧ ነዋ የታጠበው!"

ለልብስ አጣቢ ቀለም ከማስለቀቅ የበለጠ ውርደት የለም። መድኃኒቱ ደግሞ ይታወቃል፤ የለቀቀ ቀለም ይመለስበታል። መደርደሪያው ላይ ነጭ አንሶላ የሚያፈካበት ሰማያዊ ዱቄት አለ። አንድ ቁንጥር በጆክ ውሃ በጠበጠና ሥሯ ላይ አፈሰሰው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የመጀመሪያዎቹ አበቦች ወይን ጠጅ መሰሉ። ከዚያ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆኑ።

ጋሽ በረኪና ተኳሿን አቅፎ ሊያነሳት ሞከረና ወገቡን ያዘው። ወሬው ወደ ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ደረሰ፤ የሰውዬው አፍ ከመቀሱ ይፈጥናል። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ "ጋሽ በረኪና አበባ ነክሮ ቀለም ቀየረ" ማለት ጀመረ። ፀጉር አስተካካዩ ራሱ የሚስቱን ነጭ ጽጌረዳ ከነዕቃዋ ተሸክሞ መጣ።

"ሰማያዊ አድርግልኝ። ላስደንግጣት።"

ጽጌረዳዋም ድርሻዋን ጠጣች። ብትጠጣ፣ ብትጠጣ፣ ነጭ ናት።

"ምነው እምቢ አለች?" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ጋሽ በረኪና ቅጠሏን በጣቶቹ መሃል አሽቶ መረመረ። "ጽጌረዳ ናይለን ናት። ቀለም አትይዝም። ዝንጉርጉሯ ግን ጥርት ያለች ጥጥ ናት።"

ፀጉር አስተካካዩ ይህን ለማንኛውም ፀጉሩን ለሚቆረጥ ሰው እንደ ሳይንስ ሲያስተምር ሰነበተ።

ሁለት ነገር ግን ጋሽ በረኪናን ያሳስበው ነበር። አንደኛው፣ አዳዲሶቹ እምቡጦች አሁንም ሮዝ ሆነው ይወጣሉ። ሁለተኛው፣ ወደ ጓሮው የሚመጡት ንቦች ሮዞቹን እየመረጡ ገብተው፣ ሰማያዊዎቹን ዞር ብለው እንኳ አያዩም። "መርዤባት ይሆን እንዴ?" ይላል ለብቻው። ግን ሮዝ ባየ ቁጥር እጁ ወደ ጆኩ ይሄዳል።

"ቀለሙ ከሥር ከገባ፣ አዲሶቹ ሲወጡ ለምን ሰማያዊ አይሆኑም?" አለችው ተኳሿ።

"እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋላ! ተዘፍዝፎ ነው!"

እህቱ የሚመጡበት ቀን ደረሰ። ጠዋት በሩን ሲከፍት፣ ያን ሁሉ ሮዝ! ሌሊቱን እንደተማከሩ ሁሉ አንድ ላይ ፈክተዋል። ጋሽ በረኪና ወደ መደርደሪያው ሮጠ። ቁንጥሩን ትቶ ማንኪያ አነሳ፣ ማንኪያውን ትቶ እፍኝ ዘገነ። ባልዲ ሙሉ በጠበጠ፣ በክንዱ አማሰለ፣ ደፋባት። ያንሳል ብሎ ደገመ። አፈሩ ጭቃ ሆነ፣ ጭቃው ሰማያዊ ሆነ፣ ድንጋዩ ሰማያዊ ሆነ። የሰፈሩ ነጭ ድመት በዚያ መሃል አቋርጦ፣ በአራት ሰማያዊ እግሮች በተተኮሰ አንሶላ ላይ ተራምዶ ወጣ። ተኳሿ የጮኸችውን ጩኸት ፀጉር አስተካካዩ ሰምቶ የደንበኛውን ጆሮ ሊቆርጥ ነበር። ዝንጉርጉሯም ቅጠሎቿ ቀስ በቀስ ወደ ጎን ያዘነብሉ ጀመር።

በዚሁ መሃል ከውጭ መኪና ቆመ።

የእህቱ ልጅ ነው የሚነዳው። ኋላ ወንበሩ ላይ ሻንጣ፣ ብርድ ልብስ፣ የግድግዳ ሰዓት ተጭኗል። ዕቃው ይውረድ አይውረድ ገና አልታወቀም፤ ልጁ ሞተሩን አላጠፋም። "እማዬ፣ አይተሽ ነይ። ካልሆነ እንመለሳለን፣" አለ።

እህቱ በኮቶቹ መሃል አልፈው የብረቱን በር ገፉ።

ጋሽ በረኪና ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ፊቱ የፈገግታ ሙከራ ነው። እህቱ ጓሮውን አዩ፤ የተጠረገውን መሬት፣ ሰማያዊውን ጭቃ፣ አጥሩ ላይ እግሩን የሚልሰውን ድመት። ከዚያ ያዘነበለችውን ዝንጉርጉር አዩ። ፊታቸው ጠቆረ። የሟች ባላቸው እጅ ያረፈባት ናት።

"ምን ነካት?" አሉ።

"ም... ምንም፣ ትንሽ ደክሟት ነው።"

"መቼ?"

"ዛሬ ጠዋት ነው እትዬ። አሁን፣ አሁን።"

"ምን አደረግክባት?"

ጥያቄዎቹ የራሱ ነበሩ። ለሦስተኛው ሰው ሁሉ እንደሚዋሽ ያውቃል፣ ለምን እንደሚዋሽ ግን እስከዚች ደቂቃ ድረስ አያውቅም ነበር። ድምፁ ቀጥኖ፣ ቀጥኖ፣ እንደ ክር ወጣ።

"ምንም!"

"እጅህን አሳየኝ።"

"እጄ ምን አለበት?"

"ማሙሽ!"

እጁን አወጣ። እስከ ክርኑ ሰማያዊ ነው። እጅ ከፍንጅ የሚባለው እንደዚህ ግልጽ ሆኖ አያውቅም።

"ሮዝ ሆና ወጣችብኝ እትዬ!" ብሎ ፈነዳ። "ያኔ አጥቤያት ነው። በረኪና መስሎኝ። ፀሐይም ላይ አሰጥቻት ነበር፣ አልዋሽሽም። ብርድ ላይም ለምለም ናት ያልኩሽ አልነበረችም። ሰማያዊ ነው ያልሺው፣ ቀለሟ ለቀቀና ቀለም ሰጠኋት፤ ይኸው እነዚያ ያዘላቸው፣ እነዚህ ግን እምቢ አሉ። አትሂጂብኝ።"

እህቱ አጎነበሱ። በአንድ ጣታቸው አንዷን ሮዝ አበባ፣ ቀጥሎ አጠገቧ ያለችውን ሰማያዊ ነኩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋሽ በረኪና እያለቀሱ መስሎት ሊይዛቸው ተራመደ፤ እጁን ሲያይ ተመለሰ። እሳቸው ግን እየሳቁ ነበር። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ያልሳቁትን ሳቅ ሁሉ እዚያው ጓሮ ውስጥ ሳቁት፣ እስኪቀመጡ ድረስ። ተኳሿ ባልዲ ገልብጣ አቀበለቻቸው።

"ሁልጊዜም ሮዝ ሆና ነው የምትወጣው፣" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ስታረጅ ሰማያዊ ትሆናለች። በየዓመቱ! ማንም ሳይነካት! ንቧ እንኳ ታውቃለች፤ ማሩ ያለው ገና ሮዞቹ ላይ ነው፣ ሰማያዊዎቹ ጉዳያቸውን ጨርሰዋል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አትነካካት ካልኩህ በኋላ ምን ልንገርህ? ሟቹም እኮ መጀመሪያ ቀለሟ ሲለወጥ ያያት ጊዜ፣ ጎረቤታችን አበባችንን እየነቀለች የራሷን ትሰካብናለች ብሎ፣ ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ጀርባ ቆሞ ሲጠብቃት ዋለ። ሥራ ቀርቶ!"

ጋሽ በረኪና ግን አሁን አልሰማም። ዓይኑ ከሮዟ ወደ ሰማያዊዋ፣ ከሰማያዊዋ ወደ ሮዟ ይመላለሳል። "ወይኑ!" አለ በድንገት። "ሸሚዝ ላይ የፈሰሰው ወይን! ሳሙና ሲነካው ከቀይ ወደ ሰማያዊ! እትዬ፣ አበባዋም ውስጥ እኮ እንደዚያው ነው የሚሆነው!"

እዚህ ላይ እውነቱን ነው። አበባዋ ስትፈካ በውስጧ ያለው ውሃ ኮምጠጥ ያለ ነው፤ ሲኮመጥጥ ቀለሟ ወደ ቀይ ያደላል። ዕድሜ ስትጨምር ኮምጣጣነቱ ይቀንስና ያው ቀለም ወደ ሰማያዊ ይዞራል። ወይን ጭማቂ ውስጥ ያለውም የዚሁ ቀለም ዘመድ ነው። ጋሽ በረኪና ይህን ምስጢር ባንኮኒው ላይ ለሰው ሁሉ ሲያሳይ ኖሮ፣ ጓሮው ውስጥ ሲያየው አላወቀውም ነበር።

"ታዲያ እትዬ፣ ትንሽ ኮምጣጤ ጠብ ብናደርግባት ወደ ሮዝ..."

"ማሙሽ!"

እጁን ኪሱ ከተተ።

እህቱ ተነሱ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። መጀመሪያ ጭቃው ተቆፍሮ ወጣ፣ ጉድጓዱ ተጠረገ፣ ዝንጉርጉሯ ሥሯ በንጹህ ውሃ ተለቀለቀና አዲስ አፈር ለበሰች። ይህን ሁሉ ያደረጉት እህቱና ተኳሿ ናቸው። ጋሽ በረኪና እንዲያይ ብቻ ተፈቅዶለታል፤ ያውም ከበሩ ወዲያ። ማምሻውን ቅጠሎቿ፣ እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ቀን፣ አንድ በአንድ ቀና አሉ።

የእህቱ ልጅ ሞተሩን ካጠፋ ቆይቷል። በሩ ላይ ቆሞ፣ "እማዬ፣ ታዲያ ምን ተወሰነ?" አለ።

"እቃውን አውርድ።"

"እንዲህ አድርጓት?"

"አየህ ልጄ፣" አሉ እጃቸውን እየታጠቡ፣ "ይህቺ ልጅ ታጠበች፣ ተሰጣች፣ ተነከረች። ይህን ሁሉ ችላ ካበበች፣ እኔም እችለዋለሁ። ደግሞም እንዲህ ያለ ሰው ብቻውን አይተውም፣ ለሰፈሩም አደጋ ነው።"

ሻንጣው ወረደ፣ ብርድ ልብሱ ወረደ። የግድግዳ ሰዓቱን ጋሽ በረኪና ራሱ ተሸከመው፤ እስከ ዛሬም የሰዓቱ ጀርባ ላይ ሁለት ሰማያዊ መዳፍ አለ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ወጣት ባንኮኒው ላይ ሸሚዝ ዘረጋ። ደረቱ ላይ ሰፊ ቀይ፣ ዙሪያውን ሰማያዊ። ጋሽ በረኪና አየው። ምን እንደነካው ጠየቀ፣ መቼ እንደነካው ጠየቀ።

"ምን አደረግክበት?"

"ምንም፣" አለ ወጣቱ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

ከጓሮ የእህቱና የተኳሿ ሳቅ ይሰማል። ጋሽ በረኪና ባንኮኒው ላይ ያሉትን፣ ሰማያዊው ገና ያልለቀቃቸውን እጆቹን ተመለከተ።

"እሺ፣" አለ ሸሚዙን እያጠፈ። "አምኜሃለሁ።"